የጠጣ እሺ ብሏል

አሱኮማ፣ ማክሰኞ ጁላይ 2 ቀን 1968

ለውድ ወንድሜ ለኩዋኩ አሞአተን፣
ታኮራዲ

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ። ልጆቼ ደህና ናቸው። የስፌት መኪናዬም ደህና ናት፤ ስለ እሷ የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ እኔው ልንገርህ ብዬ ነው። አክስታችን ናና አጄይዋ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው፤ ትናንት ብቻ ለሦስት ሰው ቅጽል ስም አውጥተዋል። ዝናቡ ጥሩ ነው። ካካዎውም ዘንድሮ እንደ ጉድ ነው የያዘው።

ባለፈው ደብዳቤህ ስለ አጎታችን ላነሣኸው መልስ ያዘገየሁት ንቄህ አይደለም። አጎታችን ናና ወደ ቀዬአቸው ሄደዋል። ከዚህ በላይ እንዳልጽፍ አንተም ታውቃለህ፤ ሹም እንዲህ ሆነ ተብሎ በአፍ አይወራም፣ በወረቀትማ ጨርሶ። ትልቁ ዛፍ ወድቋል በለው። እዚያው ሆነህ አልቅስላቸው፣ ግን አትምጣ። አደራህን አትምጣ። ምክንያቱን በሚቀጥለው እጽፍልሃለሁ።

አሁን ልብ ብለህ አንብብ። ሽማግሌዎቹ አረንጓዴ ጠርሙስ ጂን አስይዘው ሰው ልከውብሃል። ይህ ደብዳቤ እሱን ቀድሞ እንዲደርስልኝ ለኦፖንግ ሰጥቼዋለሁ፤ መኪናውን ታውቃታለህ፣ ግንባሯ ላይ «ቅናትህን ቻለው» የሚል የተጻፈባት። ሰውዬው ጠርሙሱን ጥሎልህ ከሄደ አልጋህ ሥር ክተተው። አትክፈተው። አታሽትተው። ለነዚያ ለባንድ ጓደኞችህ ደግሞ በሩቁም አታሳያቸው።

እህትህ ያ ፒናማን

---

ታኮራዲ፣ ማክሰኞ ጁላይ 9 ቀን

እታለም ፒናማን!

ቆመሽ ከሆነ የምታነቢው ተቀመጪ። ተቀመጥሽ? ፍሪታውን ልንሄድ ነው! መላው ባንድ፣ በመርከብ፣ ለስድስት ወር! ኦገስት አንድ ቀን፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መርከቡ ይነሣል። እዚያ አዳራሽ አለ፣ ሸክላ የሚቀርጹ ሰዎች አሉ፣ እኛን ብለው ቲኬት የቆረጡ ሰዎች አሉ።

ዋናው ወሬ ደግሞ ገና ነው። ጋሼ አንኮባ ባለፈው ወር የፍየል አጥንት ሲግጥ ሁለት የፊት ጥርሱ ወለቀ። አዝኛለሁ፣ እውነቴን ነው፤ ሽማግሌው አስተማሪዬ ነው። ግን ጥርስ የሌለው ሰው ጥሩምባ እንዴት አድርጎ ይነፋል? መሪያችን ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ቆመና «ኩዋኩ፣ አንደኛው ጥሩምባ ያንተ ነው» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁለተኛ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሰው ዜማ ሥር ሥር ስሄድ ኖሬ አሁን ዜማው የኔ ሆነ። ጋሼ አንኮባ ራሱ አቀፈኝና በዚያ ባዶ አፉ «አታሳፍረኝ» አለኝ። የሆነ ነገር ረጨብኝ እንጂ ደስ ብሎኛል።

አጎታችን እንዴት ናቸው? ዝም አልሽኝ እኮ። ቅዳሜ ማታ ከጭፈራ ስንመለስ አንድ የአገር ሰው በር ላይ ቆሞ ጂን ሰጠኝ፣ «ከሽማግሌዎቹ ነው» ብሎ። ደግ ናቸው እባክሽ! ለአጎታችን ጤና ብዬ ሦስት ጠብታ መሬት ላይ አፈሰስኩ፣ የቀረውን ከስምንቱ ጓደኞቼ ጋር አገባደድነው። ከዚያ ጥሩምባዬን አውጥቼ አንድ ጊዜ ነፋሁላቸው። ማንን ላመስግን?

...

እታለም፣ ይህን ላሽግ ስል ኦፖንግ አሁን ደረሰ። መንገድ ላይ አክስሉ ተሰብሮ አምስት ቀን ተኝቷል። ደብዳቤሽን አነበብኩት። አጎቴን! እኔ ለጤናቸው ሳፈስ እሳቸው...

ጉድ ፈላ። ጠርሙሱስ? ምን ነበር ጠርሙሱ? ቶሎ ጻፊልኝ!

ኩዋኩ

---

አሱኮማ፣ ቅዳሜ ጁላይ 13 ቀን

ለኩዋኩ፣ በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ለተባለለት ወንድሜ፤

ሰላምታ ዛሬ የለህም። አይ፣ እንደምን ነህ? ይኸው ሰላምታ።

የእናትህ ልጅ ሆነህ፣ እዚህ አድገህ፣ ሽማግሌ ጠርሙስ ሲልክ ምን ማለት እንደሆነ ከተማው አስረሳህ? ዕቃ ሲገዛ፣ ሴት ልጅ ስትጠየቅ፣ ሰው ለሹመት ሲታጭ መጠጥ ይላካል። ያልፈለገ ማኅተሙን ሳይነካ ይመልሳል። የጠጣ እሺ ብሏል። አክስታችን ለአጎታችን የሹመት በርጩማ የመረጡት አንተን ነው፤ የአገሩ እናት እሳቸው ናቸውና ሹም የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ጠርሙሱ ጥያቄው ነበር። አንተ ከስምንት ሰው ጋር መለስክላቸው!

መልእክተኛው ዝም ብሎ የሄደ መሰለህ? በመስኮት ሲያይህ ነበር። ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ምን አለ መሰለህ? «ተቀበለ። ለአባቶች አፈሰሰ። ከዚያም ጥሩምባ ነፋ!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «ጥሩምባ ነፍቶ እሺ ያለ ሹም አይተንም ሰምተንም አናውቅ» አሉ። ከትናንት ጀምሮ መንገድ እየተመነጠረ ነው። ወጣቶቹ ሹም የሚሸከሙበትን ወንበር ቀለም እየቀቡት ነው። ኦገስት ሁለት፣ ዓርብ፣ ሦስት ጊዜ በርጩማው ላይ ዝቅ አድርገው ሊሾሙህ ቀን ቆርጠዋል። ይኸውልህ፣ መርከብህ በተነሣ ማግሥት።

አትምጣ ያልኩህ ለዚህ ነበር። ሳይወስን የመጣን ዕጩ ወጣቶቹ አድፍጠው ይይዙታል፤ ከተያዘ በኋላ ነጭ አፈር ተቀብቶ ቤት ይገባል እንጂ «ቆይ ላስብ» የሚባል ነገር የለም። እንድታስብ ፈልጌ ነበር። አንተ ግን ከማሰብህ በፊት ጠማህ።

ከቤታችን ወንዶች ካንተ ሌላ የለም። አዱ የካካዎ ገጀራ ጣቱን ስለወሰደው አይሆንም፣ ሹም አካሉ ሙሉ መሆን አለበት። ትንሹ ቦዋምፖን ገና ሰባት ዓመቱ ነው። አንተ እምቢ ካልክ በርጩማው ለታችኛው ቤት ይሄዳል፤ ከእናታችን ቤት አንዴ ከወጣ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። የታችኛው ቤት ሰዎች ከአሁኑ በግ ገዝተው አስረዋል፤ በጉ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ እንቅልፍ አሳጣኝ።

ሌላም የምነግርህ ነገር ነበረኝ። ዛሬ ይቅር፣ ተናድጄአለሁ።

ለአንደኛው ጥሩምባ ግን እንኳን ደስ ያለህ። አለቀስኩ። ለልጆቹም ነገርኳቸው።

ያ ፒናማን

---

ታኮራዲ፣ ረቡዕ ጁላይ 17 ቀን

እታለም፣

ዛሬ በተወለድኩበት ቀን፣ በረቡዕ፣ ሦስት ጊዜ ወሰንኩ። ጧት ፍሪታውን አልኩ። ምሳ ላይ ኬንኬዬን በአሣ እየበላሁ አሱኮማ አልኩ። ከሰዓት ልምምድ ላይ የኔን ቦታ፣ ያቺን አንደኛዋን ከፍታ ስነፋት፣ ፀጉሬ ቆመ፤ መልሼ ፍሪታውን! አሁን ደግሞ ይኸው ብዕር ይዤ የትኛው እንደሆንኩ አላውቅም።

በርጩማው ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አጎታችን ሲያልፉ ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ ትከሻውን ሲገልጥ ትዝ ይለኛል። «እኔም ልሆን ነው?» ብዬ መስተዋት ፊት ቆምኩ። ጨርቅ አገለደምኩ። ኮራ አልኩ። ምን ልዋሽሽ፣ አማረብኝ!

ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። ሹም አይሮጥም። በሰው ፊት አይበላም። ባዶ እግሩ መሬት አይነካም። የሚናገረው በአፈ ሹሙ በኩል ነው። እኔ እኮ በአፌ የማድር ሰው ነኝ፣ አፌን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ምን ልሆን ነው? ሹም የሚነፋለት እንጂ የሚነፋ አይደለም። ያን የአጎታችንን ቀንድ ነፊ ስንት ዘመን ልሰማው ነው? ሦስተኛዋን ድምፅ ሁልጊዜ ያበላሻታል!

ልጆች ሆነን ትዝ ይልሻል? ከጓሮ የፓፓያ ቅጠል ዘንግ ቆርጠን፣ እኔ እሱን ስነፋ አንቺ የተገለበጠው ባልዲ ላይ ተቀምጠሽ ስትፈርጂ። አንድ ቀን «ዛሬ እኔ ሹም ልሁን» ብልሽ «አንተ ስትቀመጥ ትቁነጠነጣለህ» ብለሽ አባረርሽኝ። አሁን ማን ተቁነጠነጠ?

ሹም ብሆን ምን እንደምሠራ ልወቅ፣ ስለዚህ መልሺልኝ። የነአኮቶ ወንድማማቾች የድንበር ጠብ ምን ሆነ? በሐሙስ ቀን እርሻ የገባው ሰውዬስ፣ ማን ፈረደበት? አጎታችን ሁለት ዓመት ከአልጋ ሳይነሡ አገሩ እንዴት ዋለ? ያላልሽውንም ነገር ተናገሪው። ሆድ ይፍጀው ማለት አንቺ ላይ አያምርም።

ኩዋኩ

---

አሱኮማ፣ እሑድ ጁላይ 21 ቀን

ወንድሜ፣

የጠየቅኸኝን በተራ ልመልስልህ።

የነአኮቶ ጠብ አልቋል። አጎታችን «ሂጂና እይልኝ» አሉኝ፣ ሄድኩ። ሁለቱ እዚያው ጫካው ውስጥ ገጀራ ይዘው ሲሳደቡ ነበር። ድንበሩ ላይ የተተከለውን ቀይ ተክል የተከለችው አሮጊት አያታቸው በሕይወት እንዳለች ማንም ልብ አላለም። በጀርባዬ አዝዬ አመጣኋት። «እዚህ ነው» ብላ በብትሯ መታች፤ ወዲያው ታላቅዬውንም በዚያው ብትር መታችው። ሁለቱም ሳቁ። ድንበሩን ራሴ ተራምጄ ለአጎታችን ነገርኳቸው፣ አፈ ሹም በማግሥቱ ያንኑ ለሕዝቡ ተናገረ።

የሐሙሱን ሰውዬ በግ ቀጣሁት። ምድር በምታርፍበት ቀን አፈር የሚቆፍር ደፋር ነው። እኔ ቀጣሁት ስልህ፣ አጎታችን ናቸው በአፋቸው የተናገሩት፤ እኔ ከአልጋው ራስጌ ቆሜ በጆሯቸው ሹክ አልኳቸው እንጂ። ከወረዳ የሚመጣውን ደብዳቤ አነብላቸዋለሁ፣ መልሱንም እጽፋለሁ። የወንዙ ድልድይ ሳንቃ የተቀየረው በኔ ደብዳቤ ነው። ስምንት ጊዜ ጻፍኩላቸው! ዘጠነኛውን እንዳልጽፍ ፈርተው ሳንቃ ላኩ።

አንተ ስትመጣ ይህን ሁሉ አሳይሃለሁ። ከባድ አይደለም። ነገሩ መስማት ብቻ ነው፣ ሰው እስኪጨርስ መስማት።

አሁን ወዳላልኩህ ነገር ልምጣ። ኩዋኩ፣ ይቅርታ እለምንሃለሁ። ስታነበው አትጩኽ።

ሽማግሌዎቹ የላኩት አንድ ጠርሙስ አይደለም፣ ሁለት ነው። አንዱ ለዕጩው፣ አንዱ ለእናቱ ቤት። እናታችን የለችም፣ ስለዚህ የእናታችንን ጠርሙስ ይዘው ወደኔ መጡ። «ወንድሜን ልጠይቅ» ማለት ነበረብኝ። ግን እንዲያ ተሰልፈው፣ ትከሻቸውን ገልጠው በሬ ላይ ሲቆሙ፣ «በርጩማው ከዚህ ቤት እንዳይወጣ እሺ በሉን» ሲሉ፣ ኩዋኩ፣ ልቤ ዘለለ። ምን እንደሆነብኝ አላውቅም። ጠርሙሱን በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ ለእናታችን አፈሰስኩ፣ ብርጭቆውን አንሥቼ ጨለጥኩት። ያንተ ጠርሙስ ገና ከአሱኮማ ሳይነሣ።

ሳልጠይቅህ እሺ አልኩብህ። «አትክፈተው» እያልኩ የጻፍኩልህ ጸጸቱ ስለበላኝ ነው። እምቢ ካልክ ሽማግሌዎቹ እግር ላይ ወድቄ ቃሌን እመልሳለሁ። ኦገስት ከመግባቱ በፊት ወስን። ሁለት ዛፍ ላይ ባንድ ጊዜ የሚወጣ የለም።

ያጠፋሁብህ እህትህ፣ ያ ፒናማን

---

ታኮራዲ፣ ረቡዕ ጁላይ 24 ቀን

እታለም! እታለም! እታለም!

ኦፖንግን ሞተር እንዳያጠፋ ይዤዋለሁ፣ ቁና ቁና እየተነፈስኩ ነው የምጽፈው።

አንቺ ጠጣሽ!

የጠጣ እሺ ብሏል አላልሽም? በገዛ እጅሽ የጻፍሽው እኮ እፊቴ ነው። ማን ቀድሞ ጠጣ? አንቺ! ማን አውቆ ጠጣ? አንቺ! እኔ ጠምቶኝ ጠጣሁ፣ ስጦታ መስሎኝ። አንቺ ግን ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ፣ ጥያቄው ተነግሮሽ፣ በሁለት እጅሽ ተቀብለሽ ጨለጥሽ። «ልቤ ዘለለ» ትያለሽ። ለኔ ነው የዘለለው? እስቲ እውነቱን ተናገሪ!

ደብዳቤሽን ለጋሼ አንኮባ አነበብኩለት። ስለ ድንበሩ፣ ስለ በጉ፣ ስለ ሳንቃው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ ምን አለ መሰለሽ? «ሹማችሁ ማን ናት?» አለ። ማን ናት!  ሁለት ዓመት ሙሉ አገር ስታስተዳድሪ ኖረሽ «ስትመጣ አሳይሃለሁ» ትይኛለሽ? ምን ልታሳዪኝ ነው፣ አንቺ የተቀመጥሽበትን?

በርጩማው የሚወረሰው በእናታችን ሆድ ነው እንጂ በወንድ አይደለም። አንቺስ ከየት ወጣሽ፣ ከጎረቤት?

ወሰንኩ። ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወሰንኩት፣ አልተቀየረም። እኔ ፍሪታውን፣ አንቺ በርጩማው ላይ። ይህን ደብዳቤ ለአክስታችን አንብቢላቸው። ሁሉንም፣ ቁና ቁና የሚለውንም።

ኩዋኩ (አንደኛው ጥሩምባ)

---

አሱኮማ፣ ቅዳሜ ጁላይ 27 ቀን

አንተ ዕብድ፣

ደብዳቤህን ስጨርስ የስፌት መኪናዬ ላይ ክር እንደተተበተበ ተውኩት፤ የሰው ቀሚስ ነው፣ እስካሁን አልፈታሁትም። ሁለት ቀን ደበቅሁት። ዛሬ ጧት ለአክስታችን አነበብኩላቸው።

«እንደገና» አሉኝ። አነበብኩ።

«እዚያ ላይ፣ ‹አንቺ ጠጣሽ› የምትለዋን ብቻ።»

ያቺን አራት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው እንደገና ሳቁ። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ይህን እስኪጠይቀኝ ስጠብቅ፣ የጠየቀኝ ያ ጥሩምባ ነፊ!»

«ታዲያ ለምን እርስዎ ራስዎ አላሉም?» አልኳቸው። ተናድጄ ነበር።

«አንቺ ሞኝ! እኔ ሴት ብመርጥ ‹ወንድ እያለ?› ይሉኛል። ወንዱ ራሱ ‹እሷ› ካለ ግን በምን አፋቸው ይናገሩ? መጀመሪያ እሱን ጠርቼ እሱ እስኪያመልጠኝ መጠበቅ ነበረብኝ።»

ኩዋኩ፣ ይህች ሴት ከእኛ ሁለት እርምጃ ቀድማ ነው የምትሄደው።

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የጥንቶቹ በርጩማዎች በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ሦስተኛው የሴት እንደሆነ ነገሩኝ። ናና አፍራክማ ይባሉ ነበር። ወንዶቹ ከጦርነት ሳይመለሱ ሲቀሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገዙ። መጠጥ ሲፈስ የሁሉም ስም ሲጠራ የሳቸው ይዘለላል። «የምላስ ስንፍና ነው» አሉ አክስታችን።

አሁን ደስ ብሎሃል፣ አይደል? እኔ ግን የሚሰማኝን ደስታ ይሁን ፍርሃት ለይቼ አላውቀውም፣ ሁለቱም በአንድ ቦታ ነው የሚያመኝ። ልጆቼ «እማዬ ብለን እንጠራሻለን ወይስ ናና?» አሉኝ። ዝናብ ሲመጣ ልብስ ለማንሣት እንደማልሮጥ አሰብኩ። ወንዝ ዳር ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሰው እንደማላማ አሰብኩ። በስሜ የሚጠራኝ ማን ይቀራል? አንተስ «እታለም» ትለኛለህ?

ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ ይሰበሰባሉ። አክስታችን ሊያቀርቡኝ ነው። እኔ «እሺ» ልበል «እምቢ» ገና አልወሰንኩም፤ መጠጡን አንዴ ጠጥቻለሁ ተብሎ አንገቴን አትያዝ። ታችኛው ቤት ሰምቷል፣ በጉንም ቀልቧል።

አትምጣ። አሁንማ ይበልጥ አትምጣ። እዚህ ከታየህ ወጣቶቹ ይይዙህና ነገሩ ያልቃል።

ያ ፒናማን

---

ታኮራዲ፣ ወደቡ ላይ፣ ረቡዕ ጁላይ 31 ቀን

እታለም፣

የሣጥን ክምር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ኦፖንግ አሁን ደረሰ፣ ደብዳቤ ግን የለውም። «ትናንት ሽማግሌዎቹ በር ዘግተው ገቡ፣ እኔ ስነሣ እንደተዘጋ ነበር» አለ። ጩኸት ሰምቷል። የማን እንደሆነ አላወቀም። ልመታው ምንም አልቀረኝም!

መርከቡ ነገ ነው፣ ዕቃችን ግን ዛሬ ይገባል። የኦፖንግ መኪና ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደናንተ ይመለሳል። ከዚህ ተቀምጬ ሁለቱንም አያለሁ። በግራ መርከቡ፣ በቀኝ «ቅናትህን ቻለው»። ሻንጣዬ መሐል ቆሟል። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንድ ጊዜ ተነሥቼ ሻንጣዬን መኪናው ላይ ጭኜዋለሁ። አንቺ እምቢ ብለሽ፣ በርጩማው ለታችኛው ቤት ሄዶ፣ እኔ ፍሪታውን ጥሩምባ ስነፋ ታየኝ። 

ከዚያ መልሼ አወረድኩት። ለምን? እኔ ከመጣሁ ሽማግሌዎቹ ሁለት መንገድ ይኖራቸዋል፤ ሰው ደግሞ የለመደውን መንገድ ነው የሚመርጠው። ይይዙኛል። አንቺም፣ አውቅሻለሁ፣ ኋላዬ ቆመሽ ሌላ ሃያ ዓመት በጆሮዬ ሹክ ትያለሽ። ካልመጣሁ ግን ያለው መንገድ አንድ ነው። አንቺ።

ስለዚህ አልመጣም። ተሳስቼ ከሆነ የእናታችንን ቤት ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ትረግሚኛለሽ። ግን አልተሳሳትኩም። ባልዲው ላይ አይቼሻለሁ እኮ።

ለኦፖንግ አንድ አረንጓዴ ጠርሙስ ሰጥቼዋለሁ፣ ማኅተሙ ያልተነካ። ለሽማግሌዎቹ ይሰጥልኝ። የጠጣሁትን መለስኩ። የኔ «እሺ» ተመልሷል በላቸው፣ ይቅርታ ጠይቂልኝ። ያንቺን መመለስ ያንቺ ፈንታ ነው። ኦፖንግን አስምዬዋለሁ፣ መኪናው ቢሰበር በእግሩ ሊያደርሰው።

ዕቃ ለማስገባት ፊሽካው ተነፋ። ጋሼ አንኮባ ከዛሬው ሊሸኘን መጥቶ እያለቀሰ ነው። እኔም።

ኩዋኩ

---

አሱኮማ፣ ከናና አፍራክማ ዳግማዊት አደባባይ
ማክሰኞ ኦገስት 20 ቀን 1968

ለክቡር ኩዋኩ አሞአተን፣ ፍሪታውን

እኔ አፈ ሹም ነኝ፤ ቃሉ የናና ነው፣ እጁ ብቻ የኔ።

ናና በመጀመሪያ እንደምን ሰነበትክ ይላሉ። ባሕሩ አላስመለሰህም ወይ ይላሉ። ናና ደህና ናቸው። ልጆቻቸው ደህና ናቸው። የስፌት መኪናዋም ደህና ናት በል ብለውኛል፤ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልገባኝም።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ቀን ተከራከሩ። ግማሹ «ጥሩምባ ነፊው ጠጥቷል፣ ይምጣ» አለ። ግማሹ «ታችኛው ቤት ይውሰደው» አለ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ኦፖንግ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ባዶውን ሆኖ፣ ጠርሙስ ይዞ ደረሰ። መኪናው ሦስት ማይል ላይ ቆማለች። የሽማግሌዎቹ ታላቅ ማኅተሙን አገላብጦ አየና «አንዱ እሺታ ተመለሰ፣ አንዱ ቀረ» አለ። ከዚያ ወደ ናና ዞሮ «የርስዎንስ ይመልሳሉ?» ብሎ ጠየቃቸው።

ናና ተነሡ። «አውቄ ነው የጠጣሁት፣ አልመልስም» አሉ።

ይህን ራሴ ሰምቻለሁ። አፈ ሹም ሆኜ ስሠራ ሹም የተናገረውን መድገም ያላስፈለገኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ እስከ ወንዙ ተሰምቷል። ዓርብ ሦስት ጊዜ በርጩማው ላይ ዝቅ አሉ። የሦስተኛው በርጩማ ባለቤት የሴቲቱም ስም መጠጥ ሲፈስ ተጠራ። የታችኛው ቤት በግም ለድግሱ ውሏል፣ ራሳቸው ናቸው ያመጡት።

ናና ይፈርዱብሃል። ለበርጩማ የተላከ መጠጥ ከስምንት ሰው ጋር በመጠጣትህ አንድ በግ። ስትጠጣ ጥሩምባ በመንፋትህ ይቅርታ ተደርጎልሃል፣ ለአገሩ ዘፈን ሆኗል።

የአሱኮማ አፈ ሹም

*(ከሥር፣ በሌላ እጅ ጽሑፍ)*

ኩዋኩ፣ አፈ ሹሙ ውኃ ሊጠጣ ወጣ፣ ቶሎ ልጻፍ። ደብዳቤህን ሁሉ እሱ ነው የሚያነብልኝ፤ ስለዚህ ልትሰድበኝ ከፈለግህ በእንቆቅልሽ አድርገው።

ትናንት ዝናብ መጣ። ልብሱ ገመድ ላይ ነበር። ብድግ አልኩ። ሦስት ሰዎች ጃንጥላ ይዘው ከኋላዬ ብድግ አሉ። ተቀመጥኩ። ልብሱ እዓይኔ ሥር ረጠበ፣ እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ሹም በአደባባይ እንዲያ አይስቅም አሉኝ። አልቅሼም አውቃለሁ፣ እሱን አልዋሽህም። ግን ጧት ጧት ሰው በሬ ላይ ቆሞ ነገሩን ሲጀምር፣ እስኪጨርስ ስሰማው፣ ልቤ ያኔ እንደዘለለው ይዘልላል። ለኔ ነበር የዘለለው። ልክ ነበርክ።

ቀንድ ነፊው ሦስተኛዋን ድምፅ አሁንም ያበላሻታል። በየቀኑ! በአፈ ሹም በኩል ልነግረው አፍራለሁ። ፍሪታውንን ጨርስ፣ ሸክላውን ቅረጽ፣ ከዚያ መጥተህ አስተካክልልኝ። ስንተኛው ዓመት ላይ እንደሆነ ግድ የለኝም። ጥሩምባህን ይዘህ ና፣ ስሜንም ጠርተህ ግባ።

ና፣ ወንድምዬ። አሁን የሚይዝህ የለም።